ሥራ ሳይለቁ በጎልማሶች ትምህርት አመራር ዶክትሬት መማር፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ አመልካቾች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በአሜሪካ ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የተዘጋጁ የትርፍ ጊዜ የዶክትሬት መርሐ ግብሮች ተማሪውን ኮርስ እስኪጨርስ ድረስ በደንብ ይደግፉታል። ክፍሉ የሚገናኝባቸው ቅዳሜና እሁዶች አስቀድመው ይታወቃሉ፣ አብረው የገቡ ተማሪዎች አብረው ይቀጥላሉ፣ መምህሩ የጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ይቆርጣል፣ ቀኑ ሲያልፍም ይጠይቃል። ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮርሱ አልቆ፣ የክፍል ቀን ቀርቶ፣ ቀን ሥራውን ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ብቻውን ከመመረቂያ ጥናቱ ጋር ሲፋጠጥ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው እርምጃ ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ከመምረጥ ጀምሮ እስከ ክፍያው ድረስ፣ የሚመዘነው ጥናቱን ለመጨረስ በሚሰጠው እገዛ ነው።

መመሪያው የተጻፈው የማስተርስ ዲግሪ ላላቸውና ጎልማሶችን በማስተማር፣ በማሠልጠን ወይም ይህንኑ ሥራ በመምራት ላይ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። በማኅበረሰብ ኮሌጅ የማታ የእንግሊዝኛ ክፍል የሚያስተባብር፣ በሆስፒታል የሠራተኞችን ሥልጠና የሚመራ፣ በስደተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት የሥራ ዝግጅት ትምህርት የሚሰጥ ሰው፣ በመታወቂያው ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ ምንም ይሁን ምን፣ የዚህ ዘርፍ ባለሙያ ነው።

ስለ ዘርፉ በአጭሩ

ጃክ ሜዚሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ቲቸርስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሳሉ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ተመልሰው ትምህርት የጀመሩ ሴቶችን አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ ጎልማሳ ሰው የሚማረው አዲስ ዕውቀት በመጨመር ብቻ ሳይሆን፣ ለዓመታት ሳይጠይቅ የተቀበለውን አመለካከት መርምሮ በመለወጥም ጭምር መሆኑን አሳዩ። ይኸው ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ኮሌጅ ኤጂስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የዶክትሬት መርሐ ግብር መሠረቱ። ኤጂስ ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች በቡድን ተቀብሎ፣ በሳምንት መጨረሻና በሰመር በሚሰጡ የተጠናከሩ ትምህርቶች ሥራቸውን ሳይለቁ የሚያስተምር ሲሆን፣ የተማሪውን የሥራ ልምድ እንደ ዋና የመማሪያ ምንጭ መቁጠሩ መለያው ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመሳሳይ መርሐ ግብሮችም ብዙውን ጊዜ በዚሁ አካሄድ የተቀረጹ ናቸው።

ከኢትዮጵያ የመጣ አመልካች ለዘርፉ እንግዳ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሥራ ጋር የተያያዘ የማንበብና የመጻፍ ትምህርትን ከሞከረባቸው 11 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። በዘመቻው ያስተማረ፣ ወይም በኋላ በመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ውስጥ በአመቻችነት የሠራ ሰው ይህን ልምዱን በሥራ ታሪኩ ላይ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል። ብዙ ሰው "ያ ድሮ ነው፣ አገር ቤት ነው" ብሎ ይተወዋል፤ በእኔ እምነት ግን የመግቢያ ኮሚቴ አባላት ሊያነቡት ከሚፈልጉት ነገር ዋነኛው ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ከትምህርት ቤቱ በፊት ጥያቄውን መምረጥ

አብዛኛው አመልካች መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፣ ከዚያ ይገባል፣ የጥናቱን ርዕስ ደግሞ ኮርሱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ይፈልጋል። ሥራ ላለው ሰው ይህ ቅደም ተከተል አይበጅም፤ ምክንያቱም ርዕስ ፍለጋው የሚወድቀው ቡድኑ በሚበተንበትና ድጋፉ በሚቀንስበት ጊዜ ላይ ነው። ከማመልከትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ወቅት ያህል በሥራ ቦታዎ የሚያዩትን ነገር በማስታወሻ ደብተር ይመዝግቡ። ምን ይደጋገማል? ምን ይባክናል? ሁሉም ሰው ምክንያቱን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚያወራው፣ ግን ማንም ያላጣራው ነገር ምንድን ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የማታ የእንግሊዝኛ ክፍል የሚያስተባብር ሰው "የስደተኞች የትምህርት ችግሮች" የሚል ርዕስ ቢያቀርብ ጥናቱ ወሰን ስለማይኖረው የትም አይደርስም። ማስታወሻውን መለስ ብሎ ሲያይ ግን የሚያቋርጡት ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ፈረቃቸው የተለወጠባቸው ሰዎች መሆናቸውን፣ በክፍሉ መዝገብ ላይ ግን የማቋረጫቸው ምክንያት "ፍላጎት ማጣት" ተብሎ መሞላቱን ያስተውላል። አሁን ጥያቄ አገኘ፦ ፈረቃቸው ተለውጦ ያቋረጡ ጎልማሶች ስለ ማቋረጣቸው ራሳቸው ምን ይላሉ፣ ተቋሙስ ምክንያታቸውን የሚያውቀውና የሚመዘግበው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ የሚጠኑት ሰዎች የታወቁ፣ ቦታው የተወሰነ፣ መልሱም ለሥራው የሚጠቅም ነው።

ጥያቄዎን ከመያዝዎ በፊት ደግሞ ሰዎቹን በእርግጥ ማግኘት መቻልዎን ያረጋግጡ፤ የዛሬው አለቃዎ ቢለወጥ ፈቃዱ ይቀጥል እንደሆነም ያስቡ። መልሱ እርስዎ ከጠበቁት ተቃራኒ ሆኖ ቢገኝ ለመጻፍ ዝግጁ ካልሆኑ ጥያቄውን ይለውጡ።

ኢዲዲ ወይስ ፒኤችዲ የሚለው ጉዳይም የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ኢዲዲ የሚባለው የትምህርት ዶክትሬት በሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ዓላማው የትምህርት ሥራ መሪዎችን ማዘጋጀት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮም በካርኔጊ ስም የሚጠራ የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ዲግሪው ከተግባር ችግር የሚነሳ ጥናት እንዲኖረው ሲሠራ ቆይቷል። ጥያቄዎ ከላይ እንደተገለጸው ዓይነት ከሆነና ሥራዎን ለመቀጠል ካሰቡ ኢዲዲ ይስማማዎታል። በዩኒቨርሲቲ ቋሚ ተመራማሪ መሆን የሚፈልግ ሰው ግን ፒኤችዲን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ያንን በትርፍ ጊዜ መጨረስም እጅግ ከባድ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው እርምጃ፦ መርሐ ግብሩን መመርመር

ከሁሉ በፊት ዕውቅናውን ያረጋግጡ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር በነጻ ያሳያል፤ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ስለጻፈው ብቻ አይመኑ። በኒው ዮርክ፣ በፔንስልቬኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ የቆዩት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ሚድል ስቴትስ በተባለው አካል ሥር ሲሆኑ፣ በቨርጂኒያና በጆርጂያ ያሉት ደግሞ በደቡቡ የኮሌጆች ማኅበር ሥር ናቸው። "ያለ ጥናት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓመት፣ በልምድዎ ብቻ ዶክተር ይሁኑ" የሚል ማስታወቂያ ካዩ ገንዘብዎን ይያዙ።

ከኤጂስ ሌላ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ቅርብ የሆነው የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሰውና በድርጅት መማር ላይ ያተኮረ፣ ለኃላፊዎች በሳምንት መጨረሻ የሚሰጥ የዶክትሬት መርሐ ግብር ይታወቃል። ፔን ስቴት በጎልማሶች ትምህርት፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በመማርና በድርጅት አመራር ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንዳንዶቹ ተማሪ የሚቀበሉት በየዓመቱ ስላልሆነ፣ ቀጣዩ ቡድን መቼ እንደሚገባ በመጀመሪያው ስልክ ይጠይቁ።

ከዚያ በመረጃ መስጫ ስብሰባው ላይ ብዙ ሰው የማይጠይቃቸውን ነገሮች ይጠይቁ። ከስድስትና ከሰባት ዓመት በፊት ከገባው ቡድን ውስጥ ስንቱ ተመረቀ? አማካሪ የሚመደበው ሲገቡ ነው ወይስ ኮርሱ ሲያልቅ? አንድ ፕሮፌሰር በአንድ ጊዜ ስንት የመመረቂያ ጥናት ያማክራል? ዲግሪውን ለመጨረስ የተቀመጠው የጊዜ ገደብ ስንት ዓመት ነው? ጥናት በሚጻፍባቸው ዓመታት በየሴሚስተሩ የሚከፈለው መመዝገቢያ ስንት ነው? ቃለ መጠይቆቹን በአማርኛ ማድረግ ይፈቀዳል? ተቀባዩ ክፍል ለመጀመሪያው ጥያቄ በቁጥር መመለስ ካልቻለ ወይም ካልፈለገ፣ ይህ ራሱ መረጃ ነው።

ጊዜ የሚወስድ ግን ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ የሚያስተምር ሥራ ደግሞ አለ፤ እሱም ከመርሐ ግብሩ የወጡ ሦስት ያህል የመመረቂያ ጥናቶችን ፕሮክዌስት በተባለው የመረጃ ቋት ወይም በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አግኝቶ ማንበብ ነው። ሙሉውን ማንበብ የግድ አይደለም። የምስጋናውን ገጽ፣ የአማካሪውንና የጥናቱን ገምጋሚ ኮሚቴ አባላት ስም፣ የጥናቱን ጥያቄና የአሠራሩን ምዕራፍ ይመልከቱ። እርስዎ ወደሚፈልጉት ጥያቄ የቀረቡ ጥናቶችን ያማከረ ፕሮፌሰር ካለ፣ ያ ሰው ገና እዚያ መኖሩንና ጡረታ ሊወጣ አለመቃረቡን ያጣሩ። ከተመረቁት ጋር ብቻ ሳይሆን ካቋረጠ አንድ ሰው ጋርም ቢነጋገሩ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የመኖሪያ ሁኔታና ገንዘብ

በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በመርሕ ደረጃ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን ስላለበት የትርፍ ጊዜ መርሐ ግብር አይሆነውም። በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ሥራውን እየሠራ መማር ይችላል፤ የፌዴራል የትምህርት ብድር ግን አያገኝም። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ እንዲሁም በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ በኩል ማመልከት ይችላሉ፤ ይሁንና ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ሆነው መመዝገብ አለባቸው።

የብድሩ ሕግ በቅርቡ ተለውጧል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች የሚቀር ሲሆን፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚፈቀደው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ይሆናል። ከሙሉ ጊዜ በታች ለሚመዘገብ ተማሪ የዓመቱ ጣሪያ በዚያው መጠን ይቀነሳል። የግል ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ከዚህ በቀላሉ ስለሚበልጥ፣ ቀሪው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መግባት አይገባም። የዩኒቨርሲቲውን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ የሚመለከትዎትን ስሌት በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

አሠሪዎ ሊረዳዎት ይችል ይሆናል። በአሜሪካ የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ መክፈል ይችላል። ፖሊሲው በመሥሪያ ቤትዎ መኖሩን፣ ከተመረቁ በኋላ ስንት ዓመት እንዲያገለግሉ እንደሚያስገድድና፣ ከሁሉም በላይ፣ ኮርስ በሌለበት የጥናት ጊዜ ለሚከፈለው መመዝገቢያ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ የአሠሪ ድጋፍ የሚከፈለው ለኮርስ ውጤት ስለሆነ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቋረጣል። እቁብ የሚጥሉ ከሆነ ደግሞ ዕጣው ለጥናቱ ዓመታት እንዲደርስዎት ከዳኛው ጋር መነጋገር ይቻላል።

አራተኛው እርምጃ፦ ሰነዶች

ይህን እርምጃ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ቢያንስ ስምንት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኢትዮጵያ የሠሩ አመልካቾች ትራንስክሪፕታቸው ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ የውጭ አገር ዲግሪን በአሜሪካ መለኪያ ወደሚገመግመው ድርጅት መላክ አለበት፤ በእጅ ያለው ኮፒ፣ ማኅተም ቢኖርበትም፣ ላይበቃ ይችላል። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ተመራቂ ያንን ሳይዘጋ ሰነዱን ስለማያገኝ፣ አገር ቤት ለሚወክሉት ሰው ውክልና መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። ገምጋሚ ድርጅቱን ከመምረጥዎ በፊት ዩኒቨርሲቲው የማንን ግምገማ እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ በጠቅላላ ዲግሪውን ብቻ የሚገልጽ ሳይሆን እያንዳንዱን ኮርስና ውጤት የሚዘረዝር ግምገማ ነው የሚፈለገው።

የስም ጉዳይ ብዙ አመልካቾችን ያዘገያል። ገብረ ሥላሴ የሚለው የአባት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ ተለያይቶ፣ በሌላው ላይ ተገጥሞ ይጻፋል፤ ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሦስትና አራት መልክ ይኖረዋል፤ በአሜሪካ ሰነድ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲገባ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ግን የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይገኛል። በተማሪው ፋይል ውስጥ ሁለት ሰው የመሰሉ ሰነዶች ሳይገናኙ ለወራት ሊቀመጡ ይችላሉ። መፍትሔው ፓስፖርትዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና የአሜሪካ መታወቂያዎን ጎን ለጎን አድርገው ልዩነቱን ማየትና፣ ሁሉም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ በኖተሪ የተረጋገጠ ቃለ መሐላ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ነው። ዓመቱንም ያስተካክሉ፤ በሐምሌ 2001 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በአሜሪካው ፎርም ላይ መሙላት ያለበት 2009 ነው፤ ዲግሪው ላይ የተጻፈው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዱ ጥርጣሬ ያስቀራል።

አምስተኛው እርምጃ፦ የዓላማ መግለጫ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ

የዓላማ መግለጫው ላይ እኛ ብዙ ጊዜ እንዲህ ብለን እንጀምራለን፦ "ከልጅነቴ ጀምሮ ለትምህርት ልዩ ፍቅር ስላለኝ ወገኖቼን ማገልገል እመኛለሁ።" ምኞቱ እውነተኛ ቢሆንም አንባቢው ስለ እርስዎ ምንም አያውቅበትም። ከዚህ ይልቅ በመጀመሪያው እርምጃ ያገኙትን ነገር ያስቀድሙ፦ "በማስተባብረው የማታ ክፍል የሥራ ፈረቃቸው የተለወጠባቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ቀድመው ያቋርጣሉ፤ እኛ ግን በመዝገባችን ላይ ፍላጎት እንዳጡ አድርገን እንጽፋለን።" ከዚህ ተነስተው ምን ማጥናት እንደሚፈልጉ፣ ለምን እዚያ መርሐ ግብር ውስጥ፣ ከየትኛው ፕሮፌሰር ሥራ ጋር እንደሚገናኝና፣ የሥራ ኃላፊነትዎ ከትምህርቱ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ይጻፉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎት ሰዎች ሥራዎን በቅርብ ያዩ ይሁኑ። በማዕረግ ከፍ ያለ ግን የማያውቅዎት ሰው ከሚጽፈው ይልቅ የቅርብ ኃላፊዎ በምሳሌ የሚጽፈው ይበልጣል። ለእያንዳንዳቸው የዓላማ መግለጫዎን ረቂቅና አብራችሁ የሠራችሁትን ሥራ የሚያስታውስ አጭር ማስታወሻ ይላኩ። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ራስ ሥራ መናገር ትምክህት እንዳይመስል ብሎ "እኛ ሠራን" እያሉ ማለፍ በእኛ ዘንድ የታወቀ ጨዋነት ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን እርስዎ በግል የወሰኑትን መለየት አይችሉም። ቡድኑ የሠራውን ለቡድኑ ሰጥተው፣ የራስዎን ድርሻ በግልጽ ይናገሩ።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ጊዜ፣ ቤትና ማኅበራዊ ኑሮ

በአሜሪካ የክሬዲት አሠራር ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ሥራ ይታሰባል። ስለዚህ የሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁለት ኮርስ ደግሞ 18 ሰዓት ይፈልጋል። በተጠናከረ መልክ በሳምንት መጨረሻ ቢሰጥም ጠቅላላ ሰዓቱ አይቀንስም። ይህንን 18 ሰዓት አሁን በሚኖሩበት ሳምንት ውስጥ ቀን ጠቅሰው ማስቀመጥ ካልቻሉ በአንድ ኮርስ ይጀምሩ።

ቅዳሜና እሁድ ለእኛ ባዶ ቀናት አይደሉም። የእሁድ ቅዳሴ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ልቅሶ፣ የእድር ተራ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት ሁሉም የሚውሉት በእነዚሁ ቀናት ነው፤ የክፍል ሳምንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቅረት አይፈቅድም። የዓመቱ የክፍል መርሐ ግብር እንደወጣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት፤ ፋሲካ፣ ገናና ዒድ ከየትኛው የክፍል ቀን ጋር እንደሚጋጩ አይተው ለመምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ያሳውቁ። ለእድሩ ዳኛና ለቅርብ ዘመዶች አስቀድሞ መናገር፣ ኋላ "ትምህርት ገብቶ ሰው ረሳ" ከሚል ቅሬታ ያድናል። የልቅሶ ቀን ግን ማንም አያቅድም፤ ስለዚህ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ምንም ያልታቀደበት ይተዉ። ከትዳር ጓደኛ ጋር የሚደረገው ስምምነትም ስለ ኮርሱ ዓመታት ብቻ ሳይሆን ስለ ጥናቱ ዓመታትም መሆን አለበት፤ በቤት ውስጥ ቅሬታው የሚነሳው "ትምህርቱ አላለቀም እንዴ?" በሚባልበት በዚያ ጊዜ ነው።

ሰባተኛው እርምጃ፦ ኮርሱን ለጥናቱ ማዋል

እያንዳንዱ የኮርስ ጽሑፍ የጥናትዎ አንድ ክፍል እንዲሆን ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩ። ስለ ጎልማሶች መማር በሚሰጠው ኮርስ የንድፈ ሐሳቡን ክፍል፣ በምርምር ዘዴ ኮርስ የቃለ መጠይቅ ሙከራውን፣ በድርጅት አመራር ኮርስ የተቋምዎን አሠራር ይጻፉ። ያነበቡትን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ዞቴሮ ባለ ነጻ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ይመዝግቡ።

ስምንተኛው እርምጃ፦ ፕሮፖዛል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና በአማርኛ የሚደረግ ጥናት

ፕሮፖዛሉ በኮሚቴው ከጸደቀ በኋላ፣ ሰዎችን የሚያሳትፍ ጥናት የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ፣ በተለምዶ አይ አር ቢ የሚባለውን፣ ፈቃድ ይጠይቃል። የቦርዱ አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሲሆን፣ ሰውን ማክበርን፣ ከጉዳት መጠበቅንና ፍትሕን ይጠይቃል። ፈቃዱ ሳይመጣ የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅ ጥቅም ላይ ላይውል ስለሚችል አይቸኩሉ።

በራስዎ የሥራ ቦታ ሲያጠኑ ዋናው ጥያቄ ሥልጣን ነው። የሚያስተባብሩት ክፍል ተማሪ "እምቢ ብል ክፍሉ ውስጥ ይጎዳኛል" ብሎ ሊሰጋ ይችላል፤ ለአክብሮት ሲል እሺ ማለቱም በእኛ ባህል የተለመደ ነው። ስለዚህ ጥሪውን የሚያደርግ ሌላ ሰው ይመድቡ፣ ኮርሱን ጨርሰው የወጡ ወይም ያቋረጡ ሰዎችን ያነጋግሩ፣ እምቢ ያለውን ሰው እርስዎ የማያውቁበትን መንገድ ያዘጋጁ። የፈቃደኝነት ቅጹ ተሳታፊው በሚገባው አማርኛ ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል የሚነበብ ይሁን። የተሳታፊውን ማንነት ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ሰነድ ፊርማው በሚሆንበት ጊዜ ቦርዱ ፊርማውን ሊያስቀር ስለሚችል፣ የመኖሪያ ሁኔታቸው ለሚያሳስባቸው ተሳታፊዎች ይህንን ይጠይቁ።

ስም መለወጥ ብቻውን ማንነትን አይሸፍንም። "በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ጎንደር ተወልዳ በሱዳን በኩል የመጣች፣ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት" ብለው ከጻፉ፣ በአካባቢው ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። የትውልድ ቦታውን፣ የሥራ ዓይነቱን ወይም የልጆቹን ቁጥር፣ ለጥናቱ ጥያቄ የማያስፈልገውን ሁሉ፣ ያውጡ።

ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ወደ ጽሑፍ ይገልብጡት፣ ትንተናውንም ከአማርኛው ጽሑፍ ላይ ይሥሩ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱት በጥናቱ ውስጥ የሚጠቅሷቸውን ቃሎች ብቻ ይሁን። ሁሉንም አስቀድሞ መተርጎም ጊዜ ይበላል፣ ሰውየው በምሳሌያዊ አነጋገር የተናገረውንም ያሳጣል። የጠቀሷቸውን ትርጉሞች ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው ከአማርኛው ጋር ያመሳክርልዎት፤ ያ ሰው የምስጢር ጥበቃ ስምምነት መፈረም አለበት። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት ሰዓት በታች እምብዛም ስለማይበቃ፣ የተሳታፊውን ቁጥር ሲወስኑ ይህንን ያስሉ።

ዘጠነኛው እርምጃ፦ ብቻዎን የሚቀሩባቸው ዓመታት

ኮርሱ ከማለቁ በፊት ባለው የመጨረሻ ሴሚስተር ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይዘው ይውጡ። የመጀመሪያው ከአማካሪዎ ጋር የተስማሙበት በየሁለት ሳምንቱ የሚደረግ የስልክ ወይም የዙም ቀጠሮ ነው፤ ያልጻፉ ቢሆንም እንኳ አይሰርዙት፣ ምክንያቱም ሰው ከጥናቱ የሚርቀው "ይህን ጨርሼ ነው የምደውልለት" እያለ ነው። ሁለተኛው ከቡድንዎ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው የሚገኝበት፣ በቋሚ ሰዓት አብሮ የሚጽፍ ስብስብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለአማካሪው የሚደርስበትንና አማካሪው አስተያየቱን የሚመልስበትን ቀን የያዘ የተጻፈ ስምምነት ነው። ፕሮፌሰርን ቀን ማስያዝ ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ እዚህ አገር ግን ነውር የለውም፣ ብዙዎቹም ይወዱታል።

ከቢሮው በኩል የሚመጡ አደጋዎችም አሉ። ከግማሽ ጊዜ በታች ከተመዘገቡ የፌዴራል ብድርዎ የስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል፣ ከዚያም ክፍያ ይመጣል፤ ዩኒቨርሲቲው የጥናት ምዝገባን እንደ ግማሽ ወይም እንደ ሙሉ ጊዜ ይቆጥረው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሕመም፣ የሥራ ለውጥ ወይም የቤተሰብ ኃዘን ሲደርስ ዝም ብሎ ከመጥፋት ይልቅ በይፋ የእረፍት ፈቃድ ይጠይቁ፤ በብዙ ቦታ በፈቃድ የቆዩበት ጊዜ ከጊዜ ገደቡ ላይ አይቆጠርም። አማካሪው ዩኒቨርሲቲውን የሚለቅ ከሆነም ከመሄዱ በፊት ተተኪውን እንዲያስተዋውቅዎት ያድርጉ።

ለመጻፍ ከመግቢያው አይጀምሩ። ተሳታፊዎቹ የተናገሩትን የያዘውን የግኝት ምዕራፍ ያስቀድሙ፤ በእጅዎ ያለውና ማንም ሊያስጀምርዎት የማያስፈልግ እሱ ነው። ከሥራ በኋላ ደክሞዎት ለመጻፍ ከሚታገሉ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ማግኘት ከቻሉ ይሞክሩት፣ ስልኩንም በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይተዉት።

አሥረኛው እርምጃ፦ የጥናት መከላከያና ሰነድ ማስገባት

ጥናትዎን በኮሚቴው ፊት አቅርበው በሚከላከሉበት ቀን ኮሚቴው ከማሻሻያ ጋር ማሳለፉ የተለመደ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ለእርማት ይተዉ፤ የምረቃ ማመልከቻው ቀን ከመከላከያው ቀን በፊት ሊሆን እንደሚችልም ያስታውሱ። የጥናቱ የመጨረሻ ቅጂ የኅዳግ ስፋትና የገጽ ቁጥር ሳይቀር በዩኒቨርሲቲው ቅርጽ ካልተዘጋጀ ሊመለስ ይችላል። ለተሳታፊዎችዎ የግኝቱን ጭብጥ በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፈው ይላኩላቸው፤ ለተቋምዎ ኃላፊዎችም የሚያሻሽሉትን አሠራር የሚያሳይ ሌላ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጁ። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለማስተማር ወይም ለመሥራት ያሰቡ ከሆነ፣ ዲግሪዎን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት እንዲሰጠው ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ የዲግሪውን ዋና ሰነድ (ኦሪጅናሉን)፣ የታሸገ ትራንስክሪፕትና በኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚጠየቀውን የሰነድ ማረጋገጫ ከአሜሪካ ሳይወጡ ይጨርሱ።